ከመምህሬ ጋር በአንድ ገመድ

ከሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ የተነሳነው በሐምሌ፣ ካፊያ እየጣለ ነው። የምንሄደው ሸኮ፣ የምንማረው ደግሞ በበረዶ ግግር ላይ መራመድ ነበር። አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄአለሁ። በእኛ አገር በረዶ ማለት ቆርቆሮ አንኳኩቶ፣ ቡና አርግፎ ወዲያው የሚቀልጥ ነገር ነው። ነገር ግን የከተማችን የእግር ጉዞ ማኅበር ኡጋንዳ ውስጥ ወዳለ፣ ጫፉ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ወደማይለየው ተራራ ሰዎች ሊልክ አሰበ። መሄድ የፈለገ መጀመሪያ በገመድ ታስሮ የመጓዝን ትምህርት ማለፍ አለበት ተባለ።

ከድር እባላለሁ፤ ቤተሰቤ ከጅማ ነው፣ እኔ ሚዛን ላይ ቡና እነግዳለሁ። እጄን እስከ ጆንያው ሥር ሳልሰድ የገዛሁት ቡና የለም። ከላይ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል፣ ከሥር እርጥቡን አድርጎ የሚያመጣ ሞልቷልና። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ይባል የለ? ስለዚህ አሰልጣኛችንንም ጠረጠርኩት። ሳምሶን ይባላል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኬንያ ተራራ ላይ ለዓመታት እንደሠራ ይናገራል። መኪናው ውስጥ አጠገቤ ሲቀመጥ የተራራ በረዶ ምን ምን እንደሚሸት ጠየቅሁት። ምንም አይሸትም አለኝ። ይህን መልስ የሚያውቅም ሰው፣ የማያውቅም ሰው ሊመልሰው ይችላል ብዬ ጥርጣሬዬን ያዝኩ።

ከፊት ወንበር የተቀመጡት ጋሼ ጥላሁን ናቸው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጂኦግራፊ አስተምረዋል፣ እኔንም ጭምር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የበረዶ ግግርን በጠመኔ ሲስሉ ኖረው አንድ ቀን በእግራቸው ሊረግጡት መመኘታቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጉልበታቸው መዛል ጀምሯል። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም እንደማይሆን እሳቸውም እኛም እናውቅ ነበር።

ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው። ረዳቱ ዝናቡን ምክንያት አድርጎ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ተከራክሬ ግማሹን አስቀነስኩ። ዳገቱ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ግን የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ወርዶ ገፋ። ሸኮ ስንደርስ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በላን፤ በላዩም ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያለበትን የቡና ቅጠል ፍል፣ ጨሞ የሚሉትን፣ ጠጣን። እሱን ብቻ አልጠረጠርኩም።

ቀይ ጭቃው ላይ

በረዶ ስለሌለን በጭቃ እንማራለን አለ ሳምሶን። ሣሩ ተግጦ ያለቀ ቀይ ቁልቁለት መረጠ። በጀርባችን ወድቀን እንንሸራተታለን፤ ከዚያ በሆዳችን ተገልብጠን፣ የያዝነውን አጭር መጥረቢያ ደረታችን ሥር አድርገን መሬት ውስጥ እንተክላለን፤ በክብደታችንም ተጭነን እንቆማለን። እውነተኛው የበረዶ መጥረቢያ አንድ ብቻ ስለነበር በተራ ያዝነው። አብረውን ያሉት አራት ወጣቶች እየተሳሳቁ ወረዱ። ጋሼ ጥላሁን ግን ኮታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ነው የወደቁት፤ ከሁላችንም ቀድመው መቆምን ቻሉ።

በመካከሉ አንድ ገበሬ ከቡናው ውስጥ ወጥቶ ቆመ። ዓይኑ ከገመዳችን ላይ አልተነሳም። ከዚህ ቀደም ገመድ ይዘው የመጡ ሰዎች መሬት ለክተው ለባለሀብት እንደሰጡ ነገረን። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ተጠርጥሬ አላውቅም። በረዶ ላይ መራመድ እየተማርን ነው አልኩት።

«ሰው የሚራመድበት በረዶ?» አለ። «በረዶ ሲወርድ እኛም እናያለን። ቡና ያረግፋል፣ ይቀልጣል። ወንድሜ፣ ከለካህ ለካሁ በል።»

ጋሼ ጥላሁን በእንጨት ጭቃው ላይ ተራራ ስለው አስረዱት። ሰውየው በትዕግሥት ሰምቶ አመሰገነ፤ ከዚያ ሥራችንን ጨርሰን እስክንሄድ ከሩቅ ሆኖ ጠበቀን። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

በማግስቱ ጫካ ገባን፤ ሁለት ሁለት ሆነን በአንድ ገመድ ታስረን። ሳምሶን እኔን ከጋሼ ጋር አጣመረኝ። ገመዱ መሬት እንዳይጎተት፣ እንዳይወጠርም ተባልን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው መሬት ይዞ ያስቀረዋል። «በረዶ ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው፣ ከሥሩ ግን ስንጥቅ አለ፤ ሳትጠረጥሩ አትርገጡ» አለ ሳምሶን። እዚህ ላይ ልጁን ወደድኩት። ቅጠል የሸፈነውን ቦረቦር ሁሉ በዱላ እየወጋን ሄድን።

አንድ ሕግ ግን አስቸገረኝ። ከመነሳታችን በፊት እያንዳንዳችን የጓደኛችንን ቋጠሮና የወገብ መታጠቂያ በእጃችን ጎትተን ማረጋገጥ አለብን። በዓይን ማየት አይበቃም። ወጣቶቹ እየተጎነታተሉ አደረጉት። እኔ ግን ፊደል ያስቆጠሩኝን ያህል የማከብራቸውን ሰው መታጠቂያ እንዴት ልጎትት? እሳቸውም ወደኔ አልተጠጉም። ከሩቅ ተያየን፤ ደህና ነው ተባባልንና ሄድን።

ገደሉ አፋፍ

ፈተናው ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ገደል ላይ ነበር። አንዲት ምንጭ ከጎኑ ትወርዳለች፤ ከታች ድንጋይ ብቻ ነው። ሳምሶን ሁላችንንም በየተራ ፈትሾን ገመዱን ትልቅ ዛፍ ላይ ማሰር ጀመረ። በዚህ መሃል ዝናቡ በረታ። መታጠቂያዬን ፈትቼ፣ የዝናብ ልብሴን ለብሼ፣ መልሼ ታጠቅሁ። ጋሼም እንደዚሁ አደረጉ።

ቀድመው የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። ቋጠሯቸውን ከሩቅ አየሁት፤ ረጥቦ አብጧል፣ ምኑ ከምኑ እንደሆነ አይለይም። ልቤ አልረጋ አለ። ጆንያ ሳልነካ የማላምን ሰው ይህን በዓይን ልመን? ብናገር በወጣቶቹ ፊት አዋርዳቸዋለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ከታች ድንጋዩ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቋጠሮዎን በእጄ ልየው» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «ከድር፣ አንተ ነህ የኔን ሥራ የምታርመው?»

«አዎ ጋሼ።»

እያንዳንዱን ዙር ጎተትኩ። መታጠቂያቸውንም ጎተትኩ። አንዳች ስህተት የለውም። ኀፍረቱ ከዝናቡ ጋር እስከ እግሬ ወረደ። አንዱ ወጣት ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ ሰማሁት።

«ጨረስክ?» አሉ ጋሼ። «እንግዲያው ቁም፤ ተራው የኔ ነው።»

የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ጋ በሚመጡበት አካሄድ መጡ። ቋጠሮዬን አዩት፣ ደህና ነው። ከዚያ በንዴት መታጠቂያዬን በኃይል ሳቡት። ማሰሪያው ከዘለበቱ ተሙለጭልጮ ወጣና መታጠቂያው በእጃቸው ላይ ቀረ። ሳስረው አንዴ ብቻ አስገብቼ መልሼ አላሾለክሁትም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ከወገቤ ያልወደቀው ስላልተንጠለጠልኩበት ብቻ ነው።

ሳምሶን ሮጦ መጥቶ ዘለበቱን አየና ፊቱ ተለወጠ። እኔ ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዩ አየሁ። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሼም አጠገቤ ተቀመጡ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልፈትሽህ ፈልጌ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን የልጆች አባት ነህ፣ የተከበርክ ነጋዴ ነህ። እንደ ተማሪ ቆጠሩኝ እንዳትል ፈራሁ። አሁንም ባታናድደኝ ኖሮ አልነካህም ነበር።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሳምሶን ሁለታችንንም እንደገና አሰረን። በየተራ ፈታተሽን፣ በእጅ፣ ምንም ሳናፍር። ከዚያ ወረድን። ከታች ስንገናኝ ሳምሶን ጋሼ ማለፋቸውን ተናገረ። እኔን ግን እንዴት እንደሚያሳልፈኝ እንደማያውቅ አልደበቀም። ኡጋንዳ ላይ ከማን ጋር መታሰር እንደሚፈልጉ ጋሼ እንዲመርጡ ወጣቶቹን አሳያቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ «ከዚሁ ከሚጠረጥረኝ ሰው ጋር» አሉ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከሸኮ ሳንርቅ እንቅልፍ ወስዷቸው ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ፤ ሚዛን እስክንገባ ሳልንቀሳቀስ መጣሁ። ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ለዘሃራ ስለ ጭቃውና ስለ ገበሬው ነገርኳት፤ ስለ ዘለበቱ የነገርኳት እራት ከበላን በኋላ ነው። አለቀሰች፤ ቀጥላ ጋሼን ምሳ እንድጠራ አዘዘችኝ።

በማግስቱ ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ገበሬ ካለፈው ዓመት ያቆየውን ጀንፈል ይዞ መጣ። ከመመዘኑ በፊት ሚዛኔን አንስቶ ሥሩን አየ፤ ቡናው የሚቀመጥበትን ሳህን በመዳፉ ተጫነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «እኔን ነው?» ብዬ ከነጆንያው አባርረው ነበር። ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ እጁን ቶሎ ሰበሰበና በፍርሃት ቀና ብሎ አየኝ።

«ደግመህ ተጫነው» አልኩና እንዲያይ ቦታ ለቀቅሁለት።