በልኬ የተቆረጠ ሰደፍ

ፒያሳ አንድ አናጢ ደጁ ላይ ዋንዛ ሲሞርድ ሽታው ያዘኝና መንገዴን ረስቼ ቆምኩ። የጋሽ ይማም ቤት ሽታ ነው።

ጋሽ ይማም ቧንቧ ውሃ በሚባል ሰፈር የጠመንጃ ሰደፍ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። በደርግ ጊዜ አባቴ ኮምቦልቻ አጠገብ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ነበር። ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ይዞ ነው። ደስ ሲለው የተሰበረ እንስራ ገል ወደ ሰማይ ይወረውርና እኔንና ወንድሜን ያስተኩሰናል። ወንድሜ ይመታል፤ እኔ ሰደፉ እየመታኝ ጉንጬን አሳብጬ እመለሳለሁ።

«እሷ እንኳ ወንፊት ትያዝ» እያለ ወንድሜ ሲስቅብኝ፣ አባቴ ጠመንጃውንም እኛንም ይዞ ጋሽ ይማም ዘንድ ሄደ።

ሽማግሌው ክንዴን አጥፈው ሰደፉን ክርኔ ላይ አስደገፉት። ጣቴ ምላጩ ጋ አልደረሰም።

«ወላሂ ልጅቱ ጥፋት የለባትም» አሉ። «የአባቷን ጫማ አጥልቃችሁላት ሩጪ ትሏታላችሁ።»

«ይቆረጥልኛ» አልኩ።

«ለሷ ተቆርጦ እኔስ?» አለ ወንድሜ።

ጋሽ ይማም መጋዙን አንስተው ወደ አባቴ ዞሩ። «እኔ አሳጥራለሁ እንጂ መልሼ አላስረዝምም። በማን ልክ ይሁን?»

አባቴ ወንድሜን አየ፤ ያበጠ ጉንጬንም አየ።

«በሷ።»

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሲተኩስ አንገቱን እንደ ኤሊ ይቀብር ነበር፤ እኔ ገሉን አደቀዋለሁ። አባቴ ወንድ ልጁ እያለ በኔ ልክ ለምን እንዳስቆረጠው ግን ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬም ቤት ስገባ ጠየቅኩት።

«ረዝሞብሽ ነበራ» አለኝ።