ጢሜን ያሳደግኩበት ብርድ

ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ ገባ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ታክሲ ተራ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ከትልቅ ድስት ማግዊንያ እያወጣች ትሸጥ ነበር። ማግዊንያ የዚህ አገር ሰው በትኩሱ የሚበላው፣ ከኛ ቦምቦሊኖ ጋር የሚመሳሰል በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው። አንድ ገዝቼ እጄን አሞቅኩበት። የዘይቱ ሽታ ከሩቅ ከሚቃጠለው የደረቀ ሣር ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርሰኝ፣ ሰው ከኋላ ገፋ እስኪያደርገኝ ድረስ እዚያ አልነበርኩም። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ፣ እትዬ አስቴር ፀጉር ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

የጆሃንስበርግ ክረምት እኛ የምናውቀው ክረምት አይደለም። ዝናብ የለውም። ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ጥርት ብሎ ይውላል፤ አየሩ ግን የሰውን እርጥበት መጥጦ ይጨርሰዋል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይነጣል። እስከ ዛሬ "ክረምት" ልለው አፌን ያዝ ስለሚያደርገኝ ብርድ እያልኩ ነው የምጠራው።

ያኔ ሃያዎቹን እየጨረስኩ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ወንድ ልጅ ተብዬ ነው። ኦሬንጅ ፋርም በሚገኘው የዘመዴ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ ጥቂት ዓመታት ኖርኩ። ሴት መሆኔን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ሕክምና እንዳለ የሰማሁት ግን እዚህ አገር ነው። ዘመዴ ነገሩን ሲያውቅ ሱቁን ለቅቄ ወጣሁ። አልተጣላንም፤ ዝም ተባባልን እንጂ። መሀል ከተማ፣ አበሻ ነጋዴ የሞላበት ጄፒ ገብቼ የአልጋ ልብስ መሸጥ ጀመርኩ፤ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ጠብቄም ሆርሞን መውሰድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተለወጠው ቆዳዬ ነው። ወዙ ቀነሰ፤ የላቤ ሽታ እንኳ የሌላ ሰው ሆነ። ክንዴን ስዳብሰው ለሰለሰኝ። ከግንባሬ እየሸሸ የነበረው ፀጉር መሸሹን አቆመ፤ በጠርዙ ላይ ሕፃን ራስ ላይ እንደሚበቅለው ያለ ስስ ፀጉር ብቅ አለ። እያንዳንዷን ዘለላ ለብቻዋ የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

ጢሜ ግን አልነቃነቅ አለ። መድኃኒቱ ትንሽ ያሳሳዋል እንጂ አያጠፋውም። ጠዋት እላጫለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሱቄን ቆልፌ እላጫለሁ። የኛ ፀጉር ጥምዝ ነው፤ እስከ ሥሩ ሲላጭ ጫፉ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አገጬና አንገቴ በትናንሽ እብጠት ተሞሉ፤ እብጠቱ መግል ቋጠረ፤ ሲድንም ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። ነጥቡን በሜካፕ እሸፍናለሁ፤ በማግሥቱ ሜካፑ እንዲቀመጥልኝ እንደገና እላጫለሁ። በመጨረሻ መንገድ ላይ ስም የሌለው ክሬም ገዛሁ፤ ነጥብ ያጠፋል ብለውኝ ነበር። ፊቴን አቃጠለው።

እትዬ አስቴር ከኔ ሱቅ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ፀጉር የምትሠራ የሆሳዕና ሴት ነበረች። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤቷ ትዘምራለች፤ ዙሉውን ከደንበኞቿ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት የለቀመች ናት። መጀመሪያ ስንተዋወቅ "አንተ" ትለኝ ነበር። ቀሚስ መልበስ ስጀምር ተቸገረች። "አንተ" ማለቱ ከበዳት፤ "አንቺ" ደግሞ አልወጣ አላት። በመጨረሻ መውጫ አገኘችና "እርስዎ" ትለኝ ጀመር። "እርስዎ፣ ምሳ በሉ?" ትለኛለች፣ እኔን ታናሿን! እኔ እሷን "አንቺ"፣ እሷ እኔን "እርስዎ"። ጄፒ ያለ አበሻ ሁሉ ይስቅብን ነበር።

ፊቴ ያበጠ ቀን በሻርፕ ተሸፋፍኜ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። ሻርፑን ራሷ ገለጠችው።

"ምን አደረጉት ይሄን ፊት?"

"ክሬም ነው፣ እትዬ።"

"ታዲያ ሐኪም ዘንድ አይሄዱም?"

"ሆርሞኑን ያስቆሙኛል ብዬ ፈራሁ።"

"እሱን እነሱ ይንገሩዎት። ነገ ሱቁን እዘጋና አብሬዎት እሄዳለሁ" አለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። አገጬን በጓንት ጣቷ ቀስ ብላ ነካካችው። ጥፋቱ የሆርሞኑ እንዳልሆነ፣ ማቆምም እንደማያስፈልገኝ ስትነግረኝ ትንፋሼ ተመለሰ። ክሬሙን እንድጥለው አዘዘችኝና ለቃጠሎው የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችኝ። ቀጥላ የተናገረችውን ግን አልጠበቅሁም። ምላጭ እንዳቆም፣ የተቀበረው ፀጉር እስኪወጣ ድረስ ጢሜን አንድ ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ እንድተወው ነገረችኝ። ቆዳዬ ሲረጋ ለጥቁር ቆዳ ወደሚስማማ የሌዘር ሕክምና ትልከኛለች።

"ጢም?" አልኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። በቀሚስና በጢም በዚህ ከተማ ታክሲ ልሳፈር? ወይስ ሱሪዬን ለብሼ ወደ ድሮው ልመለስ? ሁለቱም ሞት መስለው ታዩኝ።

እትዬ አስቴር ክንዴን ይዛ ደረጃውን አወረደችኝ። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ "ከመጋረጃዬ ኋላ ሆኖ ዊግ የሚሰፋልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለች። ቀጥላም፣ "ቴምቢሳ ያለው ቤቴም ለሁለት ይበቃል። አብረን እንወጣለን፣ አብረን እንገባለን።"

ሱቄን ዘግቼ ያሳለፍኳቸውን እነዚያን ሳምንታት ሳስባቸው እንደ ህልም ናቸው። ጠዋት ሻርፕ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ታክሲው ውስጥ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ በብርዱ ሁሉም ስለሚሸፋፈን ማንም ልብ አይለኝም። ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ታጥበው ገመድ ላይ የተሰጡ ዊጎች ነበሩ። ፀሐይዋ በዊጎቹ መሀል ሾልካ ወለሉ ላይ ስትንፏቀቅ እያየሁ እሰፋለሁ። ከወዲያ በኩል የሴቶች ሳቅ፣ የፀጉር ማድረቂያ ድምፅ፣ አልፎ አልፎም የዙሉ ዜማ ይሰማል። ሳላስበው አንድ እጅ በመጋረጃው ጠርዝ ይገባና ትኩስ ማግዊንያ ያቀብለኛል።

ጢሜ አደገ። መጀመሪያ አሳከከኝ፤ ከዚያ ታጥፈው የተቀበሩት ፀጉሮች ቀና እያሉ ወጡ፣ እብጠቱም ጎደለ። መስታወት ላለማየት ወስኜ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳላውቀው ጉንጬን ስዳብስ የአባቴን ፊት የዳበስኩ መሰለኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ያልተላጨ ጉንጩን ጉንጬ ላይ ያሻሸዋል፣ እኔ እየጮህኩ እስቃለሁ። ከሞተ ቆይቷል። ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ጢም ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። አለቀስኩ፤ የሚያም ለቅሶ ግን አልነበረም። ጢሙ እንዲቀርልኝ አልፈለግሁም፤ እንደ ጠላት ማየቱን ግን ያን ቀን ተውኩ።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። ዊግ ልትለካ የመጣች ግዙፍ ሴትዮ መለኪያ ክፍል መስሏት መጋረጃውን ሳብ አደረገችው። ቀሚሴን ለብሼ፣ መርፌ በእጄ ይዤ፣ ከነጢሜ ተቀምጫለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ማድረቂያውን አንድ ሰው አጠፋው። ሻርፔ ማሞቂያው አጠገብ፣ እጄ ከማይደርስበት ተሰቅሎ ነበር። በር አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ፎቶ ልታነሳኝ ስልኳን ደገነች።

እትዬ አስቴር በጥርሷ የያዘችውን ማበጠሪያ አወጣች። "እህቴ ናት" አለቻቸው በዙሉ። "ቆዳዋን እየታከመች ነው። ስልኩን አስቀምጪው።" ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ዘወትር እንዲህ የምትለኝ ይመስል፣ በአማርኛ፦

"አንቺ፣ እስቲ ያን ረጅሙን ዊግ አምጪልኝ። ሴትየዋን አታስቁሚያት።"

ተነሣሁ። ረጅሙን ዊግ ከገመዱ ላይ አወረድኩ። ሴትየዋ አጠገቧ እስክደርስ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ሳውቦና፣ ሲሲ" አለችኝ ሴትየዋ። ሰላም ነሽ፣ እህቴ ማለቷ ነው።

"ዬቦ፣ ማ" አልኳት፤ አዎ፣ እማማ እንደማለት ነው።

ተቀመጠችና ራሷን ሰጠችኝ። ዊጉን አጠለቅኩላት። መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም እንታያለን፤ እሷ በአዲስ ፀጉሯ፣ እኔ በጢሜ። ከሳምንታት በኋላ መስታወት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። "ያምርብኛል?" አለች ወዲያና ወዲህ እየዞረች። ከልቤ "ያምርብሻል" አልኳት።

የቴምቢሳ ግቢዎች ውስጥ የኮክ ዛፎች ሲያብቡ ቆዳዬ ረጋ። ሌዘሩ ተፈናጥሮ እንደሚመታ ላስቲክ ያማል፤ ብዙ ተመላለስኩበት። ነጥቦቹ እንደ ጉም ቀስ ብለው ሳሱ። ያልጠፉም አሉ። እትዬ አስቴር ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ "እርስዎ" ብላኝ አታውቅም። እሷ ወደ አገሯ ሆሳዕና ከተመለሰች ዓመታት አለፉ፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ።

ወጣት ሳለሁ እርጅናዬን በዓይነ ሕሊናዬ ለማየት ስሞክር ባዶ ይሆንብኝ ነበር። ማን ሆኜ እንደማረጅ አላውቅማ! አሁን ጠዋት ጠዋት ፊቴን በለብ ባለ ውሃ ታጥቤ ቅባት ስቀባ ከዓይኔ ሥር መስመሮች ይታዩኛል፤ አንገቴም ላላ ብሏል። ጓደኞቼ መጨማደድ የሚያጠፋ ነገር እንድገዛ ይመክሩኛል። እኔ ግን አልቸኩልም። መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ እቀባቸዋለሁ፤ ብዙ የጠበቅኋቸው እንግዶቼ ናቸው።