ከአማቴ ያመለጥንበት ቅዳሜ

ባለ አልጋ መኪና ተከራይተን ከባሌና ከልጆቼ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ስንነሳ፣ አማቴን «ለእማማ መንገዱ ይከብዳቸዋል» ብዬ ሆሎዌይ ሰፈር ያለው ቤታችን ተውኳቸው። እውነቱን ለመናገር ከምክራቸው ማረፍ ፈልጌ ነው።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ክላፋም ስንደርስ ዶፍ ወረደ፤ የመኪናው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሞተሩም ቀጥ አለ።

«እማማን አሳዝኜ ነው» አልኩት ባሌን።

«እማዬ ደግሞ ሞተር ማጥፋት የት ተማረች?» አለኝ።

ተጎትተን ተመለስን። ብቻቸውን ተክዘው አገኛቸዋለሁ ብዬ የይቅርታ ቃል እየፈለግኩ በሩን ከፈትኩ። እማማ ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር እየሳቁ ካርታ ይጫወታሉ።

«ምነው፣ ነገ ማታ አላላችሁም?» አሉኝ ካርታቸውን ሳያስቀምጡ። «በዚህ ዝናብ የት ይሄዳሉ ብዬ መኝታችሁን ለእንግዶቼ ሰጥቻለሁ። እናንተማ መኪናችሁ አልጋ አለው።»