እርጥብ ሥዕሎች በቡራዩ ግቢ

ልጄ ደጃፋችን ላይ ድንጋይ ደርድራ የጎረቤታችንን ልጅ፣ «እናንተ ወደ አገራችሁ ሂዱ ተብላችኋል፤ እዚህ አታልፍም» ስትለው ሰማኋት። አምስት ዓመቷ ነበር። የተደረደረው ድንጋይ የተዘጋ መንገድ መሆኑ ነው፤ መሃል ላይ ያስቀመጠችው ቆርኪ ደግሞ የሚቃጠል ጎማ። የሦስት ዓመቱ ወንድሟ እንጨት ታጥቆ ፌዴራል ሆኗል። የጎረቤታችን ልጅ ግን ምንም እንዲሆን አልተፈቀደለትም። እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«ማነው ይህን ያስተማረሽ?» አልኳት።

«ሁሉም ሰው ነው እንደዚህ የሚለው።»

አልዋሸችም። ያን ሰሞን ቡራዩ ውስጥ በየሱቁ በር የሚወራው ይኸው ነበር። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋት ነው፣ ገበሬው ሊነቀል ነው ተብሎ ወጣቱ አደባባይ ወጥቷል፤ ታጣቂም በየመንገዱ ፈሷል። ወደ አስኮ የሚሄደው ታክሲ ቆመ። ከተማ ውስጥ ሕፃናት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ባለቤቴም መንገድ እስኪከፈት እዚያው ሰበታ፣ ከሥራ ቦታው ቀረ። ስልክም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ከሁሉም ያስፈራኝ ግን ያ የልጄ አነጋገር ነበር። አባቴ የጫንጮ ሰው ነው፣ እናቴ የደብረ ብርሃን። እኔን ራሴን ወዴት ሂጂ ሊሉኝ ነው?

ድንጋዩን በእግሬ በተንኩትና፣ «ኑ፣ ሁላችሁም ግቡ» አልኳቸው። የግቢያችንን ባለቤት የልጅ ልጅም ጠራኋት። ጎረቤቴ ከወላይታ መጥታ ክር ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት። ልጇ ወደ ቤቴ ሲገባ ስታይ ከበሯ ላይ ሆና፣ «እዚሁ ይሁንልኝ፤ ዛሬ ከዓይኔ ባይርቅ» አለች።

«ከዓይንሽ አይርቅም፤ አንቺም ነይ» አልኳት። መጣች፤ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ደፍ ላይ ቆመች።

ሦስት ቀለም ነበረኝ፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ። ለክፍሌ ልጆች ገዝቼው ከቦርሳዬ ሳላወጣው የቀረ የውሃ ቀለም ነው። ወፍራም ወረቀቶቹን ሳፋ ውስጥ ነከርኳቸው። ውሃውን ከጠጡ በኋላ የሻይ ትሪዎቼን ገልብጬ፣ ጀርባቸው ላይ አንድ በአንድ አነጠፍኩና አረፋ እንዳይዙ በስፖንጅ ከመሃል ወደ ዳር ዳበስኳቸው። ወረቀቱ ማብረቅረቅ አለበት እንጂ ውሃ መቋጠር የለበትም። ለሁሉም መጀመሪያ የሰጠሁት ቢጫውን ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ሦስቱንም ቀለም ባንዴ ካገኘ ሁሉን ጭቃ አድርጎ ያዝናል።

ልጄ ቤት መሣል ፈለገች። አራት ማዕዘኑን ስታሰምር መስመሩ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ተስፋፍቶ ሄደባት።

«እማዬ፣ አልቆም አለኝ። እየሄደ ነው።»

«ይሂድ። ዝም ብለሽ እዪው።»

«ግን ግድግዳው ፈረሰ።»

«ግድግዳ አይደለም፣ ቀለም ነው። ወዴት እንደሚሄድ ተከተዪው።»

አኮረፈች። ወንድሟ ብሩሹን እንደ መጥረጊያ ይፈገፍግ ነበር፤ እጁን ይዤ በቀስታ ነካ አድርጎ ማንሳት አሳየሁት። ብሩሹ የታጠበበትን ውሃ ሊጠጣ ሲል ደርሼ ቀማሁት። የጎረቤቴ ልጅ ግን ብሩሹን ነክሮ አንዲት ጠብታ መሃል ላይ ጣለና እጁን ሰበሰበ። ጠብታዋ ቀስ እያለች እንደ ጸሐይ ሰፋች። እናቱ ይህን ጊዜ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ሰማያዊውን ስጨምርላቸው ሁለቱ ቀለሞች ሲገናኙ አረንጓዴ ወጣ። በልጆቹ መሃል አረንጓዴውን ማን እንደሠራው ክርክር ተነሣ። ቀዩን ሳወጣ የግቢው ባለቤት የልጅ ልጅ «ዲማ» አለች፤ ከዚያ በኋላ አራቱም «ዲማ አቀብሉኝ» ማለት ሆነ ሥራቸው። ስሙ በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ ግድ አልሰጣቸውም።

ሥዕሎቹን ግቢው መሃል ካለው የልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ እያያዝኩ ሳለ የግቢው ባለቤት ከቤታቸው ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ተከራዮቹ ሁሉ በኦሮምኛ አክብረን ኦቦ ነው የምንላቸው። የወንድማቸው ልጅ በዚያ ሳምንት ታስሮ ነበር።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሰው እየሞተ፣ ሰው እየታሰረ፣ ቢሻን፣ ውሃ እንኳ፣ በጄሪካን እየተቀዳ፣ አንቺ ቀለም ትበጠብጫለሽ?»

«አዎ ኦቦ። ልጆቹ የሚጫወቱትን ሰምተውታል?»

«ሰምቻለሁ» አሉና ወደ ገመዱ አዩ። «እኔ ቀለም አልወድም። ስብሰባ ጠርተውን ግድግዳ ላይ ካርታ አሳዩን። የአባቴ እርሻ ቢጫ ተቀብቷል። ምንድነው ይሄ ብል፣ መኖሪያ መንደር ነው አሉኝ። ጤፉ ገና አልታጨደም እኮ። መሬቴን መጀመሪያ የወሰዱት በቀለም ነው።»

«እነሱ ስለቀቡበት ቀለሙን ለእነሱ መተው አለብን ታዲያ? እኔ አልተውም» አልኳቸው። ዱላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። ውሃውንም ግን አልከለከሉኝም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ቀባን። ጎረቤቴ ፋብሪካው ስለተዘጋ ወረቀት የማርጠቡን ሥራ እሷ ያዘች፤ ወረቀቱን በስፖንጅ ከእኔ ይልቅ በቀስታ ነው የምትዳብሰው። ልጄም ቀስ በቀስ ቤት መሣሉን ትታ ቀለሙን ማየት ጀመረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ ወደ ግቢያችን ገቡ። ከእነሱ ጋር አንድ የቀበሌ ሰው ነበር። ፍራሽ ገለበጡ፣ ጣራ ሥር አዩ፣ ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ታጣቂ ገመዱ ሥር ቆመ። አንዱ ወረቀት ላይ ከላይ ቀይ፣ መሃሉ አረንጓዴ፣ ወደ ታች ቢጫ ፈስሷል።

«ይሄ የማን ባንዲራ ነው?»

«ባንዲራ አይደለም። የልጅ ሥዕል ነው» አልኩ።

«ማነው የሠራው?»

የጎረቤቴ ልጅ እጁን አወጣ፤ ክፍል ውስጥ ያለ መስሎት ነው። እናቱ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

«ምንድነው የሣልከው?»

«ምንም። ራሱ ሄደ» አለ ልጁ።

የቀበሌው ሰው ወደ እኔ ዞረና፣ «አሁን ሁሉንም አውርጂ» አለኝ።

የልጆቹ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ የአራቱም። «እርጥብ ነው። አሁን ከወረደ ይበላሻል። ሲደርቅ አወርደዋለሁ» አልኩት።

«አውርጂ ተብለሻል።»

«ሲደርቅ።»

በዚህ መሃል ኦቦ ዱላቸውን ይዘው መጥተው ከገመዱ ፊት ቆሙ። «ግቢው የእኔ ነው» አሉ በአማርኛ፤ ሁሉም እንዲሰማቸው ይመስለኛል። «አንዱን የሠራችው የልጄ ልጅ ናት። የሕፃን ወረቀት የሚያስፈራችሁ ከሆነ እኔን ውሰዱኝ።»

ታጣቂው ያን ሥዕል ከገመዱ ጎትቶ ወሰደው፤ ኦቦንም ወሰዷቸው። ቀሪዎቹን አልነኩም። እኔም አላወረድኳቸውም። ጎረቤቴ፣ «በእኛ ምክንያት ነው» እያለች ስታለቅስ፣ «በማንም ምክንያት አይደለም፤ ወረቀት አምጪ» አልኳትና የተወሰደው በነበረበት ቦታ ልጇ ሌላ ሠርቶ ሰቀልን። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ልጆቹን ወደ ቤት አስገባ ነበር።

ኦቦ በማግስቱ ተመለሱ። ዱላቸውን ቀምተዋቸዋል፤ ሌላ ነገር እንዳደረጉባቸው ብጠይቃቸው አልነገሩኝም። ገመዱን ቀና ብለው አዩና፣ «በዝቷል» አሉ። ያን ቀን ማታ ልጄ ሳልነግራት የጎረቤታችንን ልጅ እራት ጠርታ አመጣችው።

በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሁከቱ ግን ባንዴ አልበረደም፤ የኦቦ የወንድም ልጅም ወዲያው አልተፈታም። ጎረቤቴን የገዛ ዘመዶቿ ሳይቀሩ ነይ፣ ከቡራዩ ውጪ ቢሏትም አልወጣችም። ፋብሪካው ሲከፈት ሥራዋን ቀጠለች፤ ልጇም እኔ ቤት መዋሉን ቀጠለ።

ትምህርት ቤታችንም ተከፈተ። ርዕሰ መምህሯ በመጀመሪያው ቀን ቢሮዋ ጠርታኝ፣ ነገሩ እስኪረጋጋ ልጆቹ በቀይ ባይሥሉ ጥሩ ነው አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ሥዕላቸው ባንዲራ ነው እንዳይባል ፈርታ ነው። ቀይ ከሌለ ብርቱካናማም ወይን ጠጅም እንደማይኖር ነገርኳት፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ ሄጄ ሦስቱንም ቀለም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ልጆቹንም እጃቸውን እንዲታጠቡ አዘዝኳቸው።