ከአምስቱ ሁለቱ ውሸት ናቸው

አሰላ ውስጥ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ተኝቼ ነበር መሰለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራት ተማሪዎች አሉኝ፤ ነጋዴ፣ ነርስ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ጡረተኛ። ሲያረፍዱ እቆጣለሁ። ጠይቄያቸው "የስ" ብቻ ብለው ሲቀመጡ ደግሞ ይብስብኛል። "በሙሉ ዓረፍተ ነገር!" እላለሁ። ከመደጋገሜ የተነሳ ከኋላዬ የሚጠሩኝ በዚሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ስለ ሕይወት ለውጥ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቤት ቀየርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ አሁን ግን እንዲህ ሆኛለሁ። ትምህርቱ ይኸው ነው። በኛ አገር ግን የሰው ዜና ተሰምቶ ዝም አይባልም። መጽሐፉ ላይ ያለችው ፈረንጅ "ባለፈው ወር ወለድኩ" ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አላት። "አያቴ ሞቱ" የሚለው ሲነበብ "ነፍስ ይማር" ተባለ፤ ዕድሜያቸው ስንት ነበር ብሎ የጠየቀም አለ። "ሥራዬን አጣሁ" ያለው ሰውዬ ዘንድ ስንደርስማ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የባጃጁ ሹፌር ሥራ ሊያፈላልግለት ምንም አልቀረውም።

"እነዚህ ሰዎች እኮ የሉም!" ብዬ ጮህኩ።

"የሌለ ሰው ታዲያ ምን ይሠራልናል?" አሉ አዴ።

አዴ የምንላቸው ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ስድሳን ያለፉ የአርሲ እናት ናቸው። እንግሊዝኛ ሊማሩ የመጡት የልጅ ልጃቸው እፊታቸው ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር በእንግሊዝኛ ስለምታማቸው ነው። "እየታማሁ ምሳ አቀርባለሁ" ብለውኛል። በአራት ወር ውስጥ ግን አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሁለት ቃል ይሉና የቀረውን በኦሮምኛ ይጨርሱታል።

ሳስበው እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ራሴ አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተማሪ ሳለሁ ሯጭ ነበርኩ። ድሮ ድመት እፈራ ነበር፤ አሁን ሁለት አሉኝ። ያደግኩት ሁሩታ ነው፤ ወደ አሰላ የመጣሁት ሳገባ ነው። ባለፈው ዓመት መኪና መንዳት ጀመርኩ። ከባለቤቴ ጋር ተለያይተናል።

"ከአምስቱ ሁለቱ ውሸት ናቸው፤ እናንተ ለዩዋቸው" አልኩ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሯጭ መሆኔን ማንም አላመነም፤ ቁመናዬን አይተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ጨዋታው ሳያልቅ ሰዓት ደረሰ። ከኛ ቀጥሎ የልብስ ስፌት ተማሪዎች ስለሚገቡ "መልሱን ለሳምንት" ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ስህተቴ ይህ ነበር። አሰላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እሰው ጆሮ ውስጥ ትቶ አንድ ሳምንት የሚጠብቅ ሞኝ ብቻ ነው።

አሁን የደበቅኩትን ልናገር። መኪና መንዳቱና አምስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበሩ፤ አምስተኛዋ ከየት እንደመጣች ግን እጄ ያውቃል። ባለቤቴ የኮምባይነር፣ የስንዴ ማጨጃ ማሽን፣ መካኒክ ነው። ከዚያች ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት ሴት ገበያ ላይ አቅፋ ሳመችኝና "እንኳን ደስ ያላችሁ! ባሌ ሮቤ ልትገቡ ነው አሉ!" አለችኝ። ባሏ የሱ የሥራ ባልደረባ ነው። ባለቤቴ ሮቤ ከተማ ሥራ ተሰጥቶት፣ እሺ ብሎ፣ ለኔ አልነገረኝም። ቤት ገብቼ አልጮህኩም፤ እኔን የሚያውቀኝ ሰው ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ይረዳል። ዝም አልኩ። እሱም ገባውና ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ነቅዞ ነበር። "ራት ቀርቧል"፣ "መብራት መጣ"፣ በቃ። ሰባት ዓመት የኖርኩበት ትዳር በዚህ ዓይነት እየሟሸሸ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

እሑድ አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተ። አዴ ቆመዋል። ከጎናቸው ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ እሳቸውም ተማሪዬ ናቸው። አዴ በእጃቸው ሲንቄ ይዘዋል። አርሲ ውስጥ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ሴት ተበደለች ሲባል ሴቶች ይዘዋት ይወጣሉ፤ በሷ ፊት ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ባለቤቴ የበቆጂ ልጅ ስለሆነ ሲንቄዋን ሲያይ ማብራሪያ አልጠየቀም። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" አልኩ፣ ነገሩ ሳይገባኝ።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሼ። "የመጣንበት ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ውሃም አንቀምስ። ባልና ሚስት ተለያይተዋል የሚል ነገር በጽሑፍ ቀርቦልናል።"

በጽሑፍ! ሰሌዳው ትዝ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ውሸት ነው! ጨዋታ ነው እኮ፣ አዴ! ሁለቱ ውሸት ናቸው ብያችሁ የለ?"

"ጨዋታ ነው?" አዴ ጠጋ ብለው አዩኝ። "ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ባለቤቴ ስቆ ሊሸኛቸው ይችል ነበር። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። የሮቤውን ሥራ ከነምኑ ተናገረ። "ለምን ደበቅክ?" ሲባል ወደኔ ሳያይ "ቁጣዋን ፈርቼ" አለ።

አዴ ወደኔ ዞሩ። "ታስፈሪያለሽ እንዴ?"

"ታስፈራለች" አሉ ጋሼ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ባለፈው ወር የቤት ሥራ ረስተው መጥተው የተቆጣሁትን አልረሱትም።

ሁለቱ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዱን አሰሙ። "ለባዕድ የነገርከውን ለሚስትህ ደብቀሃል። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ክፍል መጥተህ፣ በሁላችን ፊት፣ በእንግሊዝኛ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ትጠይቃታለህ። አንቺም እስከዚያ አትቆጪም።"

"እንግሊዝኛ አልችልም እኮ!" አለ ባለቤቴ።

"እኛስ መች ቻልን?" አሉ አዴ፤ ሲንቄዋን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ጋሼ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ።

ሰኞ ባለቤቴ ሮቤ ደውሎ "ከባለቤቴ ጋር ሳልመክር ነው የመለስኩላችሁ፤ አንድ ሳምንት ስጡኝ" ሲል ሰማሁት። እኔ እሰማው ዘንድ ነው ሳሎን ቆሞ የደወለው። በዚያው ሳምንት ብዙ አወራን። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብርዱ፣ ድመቶቹን በምን እንደምንወስድ። የገረመኝ፣ ሮቤ መሄዱን እኔ አልጠላሁትም ነበር። የጠላሁት ገበያ መሀል "እንኳን ደስ ያላችሁ" መባሉን ነው። እሱ ግን በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ አንድ ሰዓት ይጠፋል። ልብሱ ላይ የክር ብጥስጣሽ አየሁ፤ ለካ አዴ ጨርቅ ሱቅ ነበር የሚሄደው። አዴ፣ ያቺን ከሁለት ቃል የማትበልጥ እንግሊዝኛቸውን ይዘው፣ አስተማሪ ሆነው ነበር።

ቅዳሜ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ሁሉ በሰዓቱ መጥተዋል፤ ኮርሱ ከተጀመረ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ተራው ሲደርስ ተነሳ። የማሽን ዘይት የነካት ወረቀት ከኪሱ አወጣ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ "ድሮ ብቻዬን እወስን ነበር። አሁን እጠይቃለሁ። ከኔ ጋር ባሌ ትሄጃለሽ?"

"የስ" አልኩ።

"በሙሉ ዓረፍተ ነገር!" አሉ አሥራ አራቱም።

እንዲህ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ አዎ፣ ይህ ኮርስ ሲያልቅ አብሬህ እሄዳለሁ። ክፍሉ "አሜን!" አለ፤ ነርሷ እልል አለች፤ የባጃጁ ሹፌር ድመቶቹን ጭምር መናኸሪያ ድረስ በነፃ እንደሚያደርሰን አስታወቀ።

አዴ ብቻ አሜን አላሉም። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ለካ ያን እሑድ የሮቤውን ነገር ሰምተው ሲፈርዱ፣ ብንታረቅ ምን እንደሚያጡ ሳያውቁት አልቀሩም።

"በእንግሊዝኛ ይበሉት፣ አዴ" አልኳቸው። "በሙሉ ዓረፍተ ነገር።"

ዴስኩን ተደግፈው ተነሱ። ማንም አላገዛቸውም፤ ማንም አልሳቀም። ቀስ ብለው፣ አንድ አንድ ቃል እየመረጡ፣ "አንቺ ስትሄጂ እኛን ማን ያስተምረናል?" አሉ።

አንዲት ስህተት አልነበረችበትም። ሄጄ አቀፍኳቸው።