የማይወዛወዘው የጋቢ ጫፍ

አባቴ መታመማቸውን የነገረኝ ሐኪም አይደለም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ያወቅሁት አዲስ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ለመማር ላፕቶፕ ፊት ተጎልቼ፣ አረማመዳቸውን ፍሬም በፍሬም እየጎተትኩ ሳይ ነው። ፍሬም ማለት ቪዲዮ ሲበተን የሚገኘው አንዱ ቁራጭ ፎቶ ነው። ዓይን ዘሎት የሚያልፈው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ፍለጋ አልነበረም የገባሁት፤ እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ያንን ትምህርት ላመስግነው ወይስ ልርገመው እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

የምሠራው ቃሊቲ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ነበር። የልጆች ፊደል ማስተማሪያ፣ የጤና መልእክት፣ አልፎ አልፎ የሳሙና ማስታወቂያ እንሠራለን። በአሮጌው ሶፍትዌር እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በእጃችን ነበር የምንስላት። አንድ ቀን አለቃችን አዲስ ሶፍትዌር ይዞ መጣ። በአዲሱ፣ ገጸ ባሕሪው አንዴ ይሳልና አጥንት ይገጠምለታል፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱን እየጎተቱ ማስኬድ፣ ማስቀመጥ፣ ማስነሳት ነው። አለቃችን ንግግር አያበዛም፤ «የሚቀጥለውን ሥራ በዚህ ነው የምንሠራው፤ ያልቻለ ሌላ ቦታ ይሞክር» ብሎን ወጣ። የሚቀጥለው ሥራ የጤና መልእክት ነበር። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የታመመ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይመክራሉ። ሽማግሌውን የማስኬዱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

መማሪያ ፍለጋው ራሱን የቻለ ስቃይ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት የተዘጋበት ወቅት ስለነበር፣ አቃቂ በሰቃ ወርጄ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፌ በፍላሽ ጭኜ እመለሳለሁ። ቤት ስከፍተው አስተማሪ የሚባለው ሰው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሙዚቃ ከፍቶ የማውዙን ቀስት እንደ ዝንብ ያበረዋል፤ ምን እንደነካ ሳላይ ሥራው አልቆ ጉድ የሚያሰኝ ገጸ ባሕሪ ይደንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ይናገራል፤ «ይህን ተጫኑ፣ ከዚያ ያንን ተጫኑ» ይላል፣ ለምን እንደሚጫኑት ግን አይነግርም። ያሉኝን ሁሉ ተጫንኩ። ሽማግሌዬ ተንቀሳቀሰ፤ ግን እንጨት እንጨት አለ፣ እግሩ በረዶ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። ደግሜ አፈርሳለሁ፣ ደግሜ እሠራለሁ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ከእጅ አይሻል ዶማ እያልኩ አስተማሪዎቹን ሁሉ ሰደብኳቸው።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከዘመድ ያገኘችውን ሌላ ትምህርት ሰጠችኝ። የምታስተምረው ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ነው የምትናገረው፤ የእኔ እንግሊዝኛ እንኳን አላጣትም። በመጀመሪያው ትምህርት ሶፍትዌሩን ጭራሽ አልከፈተችውም። «ኮምፒውተሩን ተዉትና ዕድሜ ልካችሁን የምታውቁትን ሰው ከጎን ሆናችሁ ሲራመድ ቅረጹ» አለች። «ከዚያ የምታውቁትን ሳይሆን የምታዩትን ሳሉ። እናርመው አትበሉ።» በሁለተኛው ትምህርት ስለ ልብስ አስተማረች። ሰው ሲራመድ ቀኝ እጁ ከግራ እግሩ ጋር፣ ግራ እጁ ከቀኝ እግሩ ጋር ይወዛወዛል፤ የለበሰው ጨርቅም እጁን ተከትሎ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይወዛወዛል። ስለዚህ ገላውን ባታዩትም ጨርቁ ይነግራችኋል አለች። እንዲህ ያለ አስተማሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።

ዕድሜ ልኬን የማውቀው፣ ጋቢ የሚለብስና ሽማግሌ የሆነ ሰው ሩቅ አልነበረም። አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን አራተኛ ፎቅ ገባን እንጂ የእሳቸው ልብ ከድሮው ሰፈር አልወጣም። የእድር ዳኛ ስለሆኑ ለቅሶውም፣ ዕርቁም፣ ስብሰባውም እዚያው አቃቂ ነው፤ በሚኒባስ ይመላለሳሉ። ታክሲ ተራ ላይ ሲታዩ ወጣቶቹ ሰልፉን ይለቁላቸዋል። አትክልት የምትሸጠው ጎረቤታችን «አቤት ግርማ ሞገስ! መሬቷን እኮ ሳያስቀይሟት ነው የሚረግጧት» ትለኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሽማግሌ አይቸኩልም። እጁን እያወናጨፈ የሚሄድ ሽማግሌ ቀልቡ ያልተሰበሰበ ነው ይባላል፤ ጨዋ ሰው እጁን ጋቢው ውስጥ ሰብስቦ፣ ረጋ ብሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። አባቴም ከዓመት ዓመት እየረጉ፣ እየተሰበሰቡ ሲሄዱ፣ እኛ ከበሩ አልን።

ልቀርጽዎት ብዬ ስጠይቃቸው ደስ አላቸው። «ቴሌቪዥን ላይ ልወጣ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

«እርስዎ አይወጡም አባባ፣ አረማመድዎ ነው የሚወጣው።»

«እሱም ቢሆን ከቤቱ ባለቤት ፈቃድ ይጠየቅበታል» ብለው በአገጫቸው ወደ እናቴ አመለከቱ። እናቴ አልሳቀችም።

ከሕንጻው ጎን ወዳለው መንገድ ወረድን። አካላቸው በደንብ እንዲታይ ጋቢያቸውን አውልቀው እንዲሄዱልኝ ለመንኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ያለ ጋቢ ሰው ፊት አልወጣም» አሉ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው ብል፣ ማንም የለም ብል፣ «አልኩሽ እኮ!» ብለው ጮኹብኝ። በልጅነቴ እንኳን ጮኸውብኝ አያውቁም። ክብራቸውን የነካሁ መሰለኝና ይቅርታ ጠይቄ በጋቢያቸው ከሁለቱም ጎን ቀረጽኳቸው።

ወደ ላፕቶፑ ጭኜ ፍሬም በፍሬም ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የግራው የጋቢ ጫፍ ልክ አስተማሪዋ እንዳለችው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዘግየት ይላል፣ ይመለሳል። ወደ ቀኙ ሳልፍ ግን ጫፉ አይንቀሳቀስም። ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ወደ እግራቸው ወረድኩ። ግራው በተረከዝ ነው የሚያርፈው። ቀኙ ከመሬት እምብዛም አይነሳም፤ ጫማው አቧራውን እየፋቀ ይመጣና በጠቅላላ ሶሉ ያርፋል። ስልኬ ፍሬም እየዘለለ ነው ብዬ በሌላ ቀን በሌላ ስልክ ደግሜ ቀረጽኳቸው። ያው ነው። ከዚያ የሕንጻችንን ጥበቃ ለመንኩ፤ እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውም ጋቢ ይደርባሉ፣ አካሄዳቸውም ቀስ ያለ ነው። የእሳቸው ጋቢ በሁለቱም በኩል ይወዛወዛል።

የረጋ ሰው አይደለም የቀረጽኩት። በጋቢው ውስጥ የማይንቀሳቀስ እጅ አለ፣ እሱንም ሰው እንዳያይባቸው አጥብቀው ይዘውታል።

አንዱን ካዩ በኋላ ሌላው ሁሉ ይግተለተላል። አባቴ ሰው መጨበጥ ትተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ በማድረግ ሰላምታ መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል። የእድሩ ሰዎች «ትሕትናቸው ጨመረ» ብለው ተደንቀው ነበር። ሻይ ሲቀዳላቸው «ይበቃኛል» እያሉ ግማሽ ብርጭቆ ላይ ያስቆማሉ፤ ቁጥብ ሆኑ አልን። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ስትቆልፍላቸው፣ ስጋውን ሳይቀርብ ስትከትፍላቸው ደግሞ ማሞላቀቅ መሰለን። ጉድ እኮ ነው! አንድ ሰው ዓይናችን እያየ እጁ ሲከዳው፣ እኛ ጭብጨባ ላይ ነበርን። በእድሩም፣ በሰፈሩም፣ በራሴም ተናደድኩ፤ ከሁሉም በላይ ግን በእሳቸው። ዕርቅ ላይ ተቀምጠው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሰው ሲመክሩ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።

ሥራው ግን ቀን አይሰጥም። የአስተማሪዋን ቃል ይዤ ምንም ሳላርም ገጸ ባሕሪው ላይ አጥንት ገጥሜ የአባቴን አረማመድ አስቀመጥኩበት። ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ የቀኝ ጋቢው ጫፍ አይንቀሳቀስም። አለቃችን አይቶ ከወንበሩ ተነሳ። ደግመሽ አጫውቺው አለኝ። «ይሄንን ግርማ ሞገስ ከየት አመጣሽው? በቃ ሽማግሌ ማለት ይሄ ነው!» አለና ሌሎቹን ጠርቶ አሳያቸው። ማንም አላየም። ሥዕል የሚያውቁ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ እንቅስቃሴ የሚያወሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ክብር ነው ያዩት። ያ በሽተኛ ሽማግሌ በየቤቱ እየገባ «ቶሎ ታከሙ» ሲል እያየሁ፣ እኔ ሥራዬ ተርፎልኝ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እቤት ግን አፌ አልከፈት አለ። ለአባት «ታመዋል» ብሎ ነገር እንዴት ይጀመራል? ትልቅ ሰው ገላው አይታይም፤ ቢታይም አይነገርም። አራቱን ፎቅ ሲወርዱ ጫማቸው ደረጃውን ሲፍቅ እሰማለሁ፤ ዛሬ ወደቁ፣ አሁን ወደቁ እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ ታች እስኪደርሱ እጠብቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ማለት ለተናጋሪው ይቀላል፤ የእኔን ሆድ ግን ፈጀው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ እናቴ ወጥ ቤት ሳለች አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ያ ሥራ አለቀ? እስቲ እኔን አሳዪኝ» አሉ። ልዋሽ አሰብኩ። ከዚያ ከፈትኩት።

ሽማግሌው ከአንዱ የማያ ገጹ ጫፍ ወደ ሌላው ሄደ፤ ትምህርቱ እንደሚያዘው መጨረሻው ከመጀመሪያው የተገጠመ ስለሆነ አያቆምም፣ ደጋግሞ ይሄዳል። ሁሉም ሰው ያላየውን አባቴ ወዲያው አዩት።

«እግሩ ይጎተታል» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ያኔ ስትቀርጪኝ ነው ያየሽው ማለት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ እጃቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ክር የሚፈትሉ ይመስል ይንቀጠቀጣሉ። ያን እጅ በዚያ ሁኔታ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ልይዘው ፈለግሁ፤ ደፍሬ ግን አልያዝኩትም።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? የሰው ጠብ የምዳኝ ሰው፣ እጄን መዳኘት አቃተኝ ልበል?» ወደ ማያ ገጹ አመለከቱ። «ይሄ እጅ፣ እንደ ሰው መወዛወዝ ይችላል?»

«ይችላል።»

«እስቲ አድርጊው።»

ለአፍታ እንኳን አልፈጀብኝም፤ በዚያን ጊዜ ሶፍትዌሩን በደንብ ለምጄው ነበር። የቀኝ ክንዱን አጥንት ይዤ ከግራ እግሩ ጋር አስማማሁት፣ የጋቢውን ጫፍ አስከተልኩት፣ እግሩን ከመሬት አነሳሁት። ሽማግሌው በአንዴ ከዕድሜው አሥር ዓመት ቀነሰ። አባቴ ወደ ማያ ገጹ ተጠግተው አዩት። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁና ወደ ሌላ ዞርኩ።

«ለእናትሽ ይሄኛውን አሳዪያት» አሉ።

ያን ጊዜ ንዴቴም ፍቅሬም አንድ ላይ ገነፈለ። «አባባ፣ የሸሚዝዎን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት ማን ነው የሚቆልፍልዎ? ስጋውን ሳይቀርብ ማን ነው የሚከትፍልዎ? እማዬ ቪዲዮ ምን ያደርግላታል?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የዕቃው ኳኳታ ቆመ።

አባቴ እጃቸውን ወደ ጋቢው ሊመልሱ ጀምረው ተዉት። ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀረ።

«ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነው የቻለችው?»

አባቴ ወደ ወጥ ቤቱ በር አዩ፣ እንደገና እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «ጥሪያት» አሉኝ።

በማያ ገጹ ላይ ያለው ሽማግሌ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። እንደተከፈተ ትቼው፣ እናቴን ልጠራት ተነሳሁ።