የወንዝ ዳሩ ዕጣ

አባቴ ዳላስ ከመጣ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ እሱም በዓመት ሁለት ቀን። ለገናና ለፋሲካ አራት ቤተሰብ ሆነን ቅርጫ እንገባለን። ወንዶቹ ከብት የሚረባበት ራንች ሄደው በሬ ይገዛሉ፣ ያርዳሉ፣ ሥጋው ላስቲክ ላይ አራት መደብ ይሆናል፤ ከዚያ ዕጣውን አባቴ ይጥላል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም እያንዳንዱ ባለድርሻ አንድ ዕቃ፣ ሳንቲምም ይሁን እንጨት፣ ኮፍያ ውስጥ ይጨምራል። አባቴ ዞሮ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ፣ ከኮፍያው እያወጣ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ዕቃህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። ሻኛው አነሰኝ፣ አጥንቱ በዛብኝ ብሎ ነገር የለም።

የቀረውን ዓመት ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን ልጆቼን ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ፖስታችንን ከሳጥኑ ያወጣል። በቃ። አገሩ ላይ ሰው ያስታርቅ ነበር ብል ማን ይሰማኛል? እዚህ እንግሊዝኛ የማይችል፣ መኪና የማይነዳ ሽማግሌ ነው። ቅርጫ ላይ ግን ሊሞ የሚባለውን የቅንጦት መኪና የሚነዳውም ሆስፒታል የሚሠራውም እጅ እጁን እያዩ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ቢላውን ሲስልና የላስቲክ ቦት ጫማውን ሲያጥብ ሳየው፣ «ሙሽራው ተነሣ» እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱም ደስ ይለዋል።

ራንቹ ከፎርትወርዝ በስተምዕራብ፣ ወንዝ ዳር ነው። ባለቤቱ ባርኔጣውን የማያወልቅ፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ነጭ ሽማግሌ ነበር። በሬውን ይሸጥልናል፣ ማረጃውን በጣቱ ያሳየናል፣ ከዚያ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ያያል። ወንዶቹ ለገና ሲሄዱ በሩ ላይ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አገኙ። ባሌ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው፤ ማታውኑ ማስታወቂያውን ከኢንተርኔት አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበልን። የወንዝ ዳር ራንች፤ ለከብት እርባታና ለመዝናኛ ተስማሚ፤ ዓሣ ለማጥመድ፣ አጋዘን ለማደን። ባሌ አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን አዳኝ ሆኖ አደረ።

አራቱ ቤተሰቦች ተጠራርተው እንግዛው ተባባሉ። ባንክ ለማንም የሚያበድርበት ዘመን እያለቀ ነበር፤ እኛ ግን አልሰማንም። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አዳመጠና፣ ከብቶቹን ማን እንደሚጠብቅ ጠየቀ። ከባለድርሻዎቹ አንዱ፣ ሊሞ ነጂው፣ «እርስዎ ነዎት እንጂ አባባ፣ ሌላ ማን አለን?» አለው። አባቴ ፈገግታውን ለመደበቅ አፉን በእጁ ሲሸፍን አየሁት። እንደዚያ ሲሆን ከመጣ ጀምሮ አላየሁትም ነበር።

ጾም ሳይገባ አንድ እሁድ መሬቱን ለማየት ሁላችንም ሄድን። ወንዙ የሚነካው አንዱን ጥግ ብቻ ነው። እዚያ ፒካን የሚባል ለውዝ የሚያፈሩ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ጥለዋል፤ ዳሩ ዝቅ ስለሚል ከብቱ ወርዶ ይጠጣል። የቀረው ቁጥቋጦና ቀይ አፈር ነው፤ ቆም ካልክ ጉንዳን እግርህን ይበላሃል። አራት ሰው፣ አንድ ወንዝ። ሊሞ ነጂው ካርታውን መኪናው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ አራት ቦታ ከፈለውና፣ «ሶ፣ እንደ ቅርጫ እናድርገው። አባባ ይጣሉልን» አለ።

አባቴ ወደኋላ አለ። «ያልታረደ በሬ ላይ ዕጣ አይጣልም» አለ። «መጀመሪያ ግዙ።»

«ማለቴ አባባ፣ ለፕላን ያህል ነው። ማን የት እንደሆነ ይታወቅ ብለን ነው።»

ባሌም «ይጣሉ እንጂ አባባ» ብሎ ጎተጎተው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት እኮ ልጆቼን ያስተማራቸው አባቴ ነው። ግን እንቢ ብሎ አያውቅም፤ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ የሚፈለግ ሰው እንዴት እንቢ ይላል? ጀርባውን ሰጠ። ኮፍያው ዞረ። ሌሎቹ ሳንቲም፣ ጠጠርና የፒካን ፍሬ ጨመሩ፤ ባሌ ኪሱን ሲዳብስ፣ ጠዋት ከበር አጠገብ አንሥቶ የረሳውን ቁልፍ አግኝቶ ወረወረ። አባቴ ሰማይ ሰማይ እያየ አወጣና አስቀመጠ። ቁልፉ ካርታው ላይ ወንዙ ባለበት መደብ አረፈ።

ሊሞ ነጂው ቁልፉን አንሥቶ አገላበጠው። «ይሄ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ አይደል? አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄን በየቀኑ ይይዙታል። በጣትዎ ያውቁታል።»

አባቴ መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቱ ደም ለበሰ። እኔን በክንዴ ይዞ ወደ መሃል አወጣኝና፣ «ይቺ ልጄ ትሙት! ሳንቲም ይሁን ቁልፍ አላወቅሁም፣ አልመረጥሁም» አለ። ከልጆቹ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም ያውቃሉ።

ሊሞ ነጂው ሳቀ። ክፉ ሳቅ እንኳ አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው ሳቅ ነው። «አባባ፣ አሜሪካ በመሃላ አይሠራም። ኦኬ፣ ሪዱ እናድርገው፣ እንደገና ይጣል። እርስዎ መኪና ውስጥ ይረፉ።» ሌሎቹ ሁለቱ ጫማቸውን አዩ። አንዱ እንዲያውም ጉንዳን ያራግፍ ነበር።

ባሌን አየሁት። ባሌ ሰላም ወዳድ ነው፤ የሰላሙን ዋጋ ግን የሚከፍለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አባቴን በክርኑ ደገፈ፣ የመኪናውን በር ከፈተ፣ አስገባው፣ ዘጋው። እኔ ጮህኩ፤ ሰደብኩ፤ ያልኩትን ሁሉ ዛሬም ብደግመው አላፍርም። «ዝም አይነቅዝም፣ ተይ እባክሽ» አለኝ ባሌ። ከመስታወቱ ጀርባ አባቴ ኮፍያው ሲዞር እያየ ነበር። ሁለተኛውን ዕጣ የጣለው ማን ነው? ራሱ ሊሞ ነጂው። ወንዙ የደረሰው ለማን ነው? ለራሱ ለሊሞ ነጂው። «ኮንግራ!» ብለው ጨበጡት። ጣቱን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ቤት ደርሰን ባሌ ቁልፉን እንደ ወትሮው በር አጠገብ ሲሰቅለው፣ አባቴ አውርዶ መዳፉ ላይ አኖረለት። «ከእንግዲህ ፖስታህን ራስህ አውጣ» አለው።

ጾሙ ሳይጋመስ ባንኩ የጠየቅነውን ብድር ከለከለ። ራንቹን ለአደን የሚፈልግ ሰው ገዛው፤ በሩ ላይ ሰንሰለት ታሠረ። ወንዙንም የፒካኑንም ጥላ አንዳችንም ዳግም አላየነውም። ያልገዙትን መሬት ተከፋፍለው የደረሳቸው ነገር ቢኖር የአባቴ ውርደት ነው፤ እሱን እኩል ተካፈሉት። እኔ መሬቱ ከቀረ ጠቡም ይቀራል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። አባቴም እንደኔ ሳያስብ አልቀረም፤ በሰሙነ ሕማማት ቢላውን ሲስል ሰማሁት። ያን ጊዜ «ሙሽራው ተነሣ» አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐሙስ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ያከፈለው አባቴ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባሌ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። «ኤርፖርት ሄዶ ነው፤ ይመጣና ይወስድሃል» አልኩት፤ እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነበር። መኪና በቆመ ቁጥር አባቴ ጉልበቱን ይዞ ብድግ ይላል፤ ሌላ ሰው ሆኖ ሲያገኘው ይቀመጣል። ባሌ ስልክ አያነሳም። ልጆቼ እንኳ ገባቸው መሰለኝ፣ አጠገቡ መጫወት ተዉ። ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ዓይኔ ለምን እንደሚያነባ ማንም ስለማይጠይቀኝ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ባሌ ጥቁር ላስቲክ አንጠልጥሎ ገባ። የሱሪው ጫፍ ደም ነክቶታል፤ ሌላ ራንች አግኝተው አርደዋል ማለት ነው። አባቴን ሲያይ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሥጋውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዕጣውን ማን ጣለው?» አለ አባቴ።

«ኖ፣ አባባ፣ ዕጣ ቀረ። ሚዛን ገዝተናል፤ ዲጂታል ነው። ጭቅጭቅ የለ፣ ምን የለ። በጣም ፌር ነው።»

ይህን ሲል ይኮራ ነበር። እግዜር ይፍረድበት፣ ይኮራ ነበር።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማውን ቀስ እያለ አወለቀ። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ጋዜጣውን ፈትቶ ቢላውን ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠልኝ። «በዚህ ክተፊበት» አለና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከተፍኩበት። ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ዋው፣ እንዴት ነው የሚቆርጠው!» አለ። «ለገና ይዤው እሄዳለሁ።»